ቅዝቃዜ ያልተሰማት ጥርስ

የመጀመሪያዋ ምልክት «ፈ» ናት። ወንጌል ሳነብ «መንፈስ ቅዱስ» ስል የታች ከንፈሬ የላይ ጥርሴን ነካ፤ ያች ንክኪ አመመችኝ። ምን ትሆናለች ብዬ አለፍኋት። በማግስቱ ድዴ አበጠ፤ አፌ ውስጥም መራራ ነገር ያንጠባጥብ ጀመር።

እኔ ቋሪት ገጠር ውስጥ ያለች የአንዲት ማርያም ቄስ ነኝ፤ በአዘቦቱ ቀን ደግሞ እንደ ጎረቤቶቼ አርሳለሁ። ዘመኑ ሞባይል ወደ ቀበሌያችን በገባበት ሰሞን ነው፤ ወሩ ኅዳር። የደብራችን ዓመታዊ በዓል ኅዳር ጽዮን ደርሷል። ቅዳሴ ያለ ሁለት ቄስና ያለ ሦስት ዲያቆን አይገባም። እኛ ዘንድ ያለነው ቄሶች እኔና አባ ምሕረቴ ብቻ ነን፤ እሳቸውም አርጅተዋል። አፉ የሚደማ ቄስ ደግሞ አይቀድስም። እንግዲህ ጥርሴን ባስነቅል ደሙ እስኪደርቅ በዓሉ ያልፋል፤ ቅዳሴውም ይታጎላል። ስለዚህ ነው ሐኪም ቤት መሄዱን የፈራሁት።

ቅርንፉድ ነከስሁ። ነጭ ሽንኩርት አሰርሁ። ጸበል ተጉመጠመጥሁ። እብጠቱ ወደ ጉንጬ ወጣ። ከዚያ ወደ ዓይኔ። መተኛት አቃተኝ። ባለቤቴ ጥሩዓለም መስታወት ይዛልኝ መጣች። ፊቴን አላወቅሁትም።

«ከአሁን በኋላ አልሰማዎትም» ብላ ነጠላዋን ለበሰች፤ መኪና አሳፍራ ፍኖተ ሰላም አደረሰችኝ።

የጥርስ ሐኪሟ ልጄ ልትሆን የምትችል ናት። «የቱ ነው ያመመዎት አባ?» አለችኝ። ከላይ ክራንቻዬ ላይ ጥቁር ቀዳዳ አለ፤ እሱን በጣቴ አሳየኋት።

«ይኸው ነው ልጄ። መነቀሉ ካልቀረ ንቀይው፤ ብቻ ደሙ ከማርያም በፊት ይድረቅልኝ።»

አልነቀለችም። በትንሿ መስታወት እጀታ ጥርሶቼን አንድ በአንድ ታንኳኳ ጀመር። ክራንቻዬን ስትመታው ምንም አልተሰማኝም። አጠገቡ ያለችውን የፊት ጥርሴን ስትነካት ግን ከወንበሩ ልነሣ ምንም አልቀረኝ። ቀጥላ ጥጥ በአንድ ቀዝቃዛ ነገር ነክራ ክራንቻዬ ላይ አደረገችው፤ ብርዱ ዘለቀኝ፤ ስታነሣው ወዲያው ተወኝ። የፊት ጥርሴ ላይም አደረገችው። ጠበቅሁ። ምንም የለም።

እኔ ነገር ካልገባኝ ዝም ማለት አልችልም። «ብርዱን ያልቻለው እያለ፣ ብርዱ ያልተሰማት ናት ወይ በሽተኛዋ?» አልኋት።

«አዎ አባ» አለችኝ። «ብርድ የሚሰማው ጥርስ በሕይወት አለ። ይቺኛዋ ነርቯ ሞቷል። ስመታት ያመመዎት ከሥሯ የቋጠረው መግል ነው፤ አብሰስ እንለዋለን። ድሮ ተመተው ያውቃሉ?»

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ከዓመታት በፊት ወይፈን ስገራ ቀንበሩ ተፈናጥሮ አፌን መቶኛል። ጥቂት ቀን አሞኝ ተወኝ፤ ጥርሷም ውላ አድራ ግራጫ መሰለች። እርጅና ነው ብዬ ነበር።

ራጅ አነሣችኝ። ትንሽ ፊልም አፌ ውስጥ አስገብታ በጣቴ አስያዘችኝ፤ ከቆይታ በኋላ ፊልሙን በመብራት ፊት ያዘችልኝ። አጥንቴን አየሁት። የጥርሶቼ ሥር ረጅም ነው፤ ከሚታየው የማይታየው ይበልጣል። ከፊት ጥርሴ ሥር ጫፍ ላይ ምስር የምታክል ጥቁር ጥላ አለች። እንደገና አሳዪኝ አልኋት፤ አሳየችኝ። ሕመሜ ዓይኔን እያስጨነቀኝ እንኳ ማየቱን አልጠገብሁም።

«መንቀል እንችላለን፤ ሩት ካናል ሠርተን፣ ማለት ሥሯን ከውስጥ ጠርገን ደፍነንም፣ ጥርሷን ማትረፍ እንችላለን» አለችኝ። «እብጠቱ ግን ወደ ዓይን ስለሄደ ዛሬ የግድ መግሉ መውጣት አለበት።» ትትረፍ አልሁ።

ማደንዘዣ ወጋችኝ። ከጥርሷ ጀርባ ቀዳዳ አበጀች። መግሉ ወጣ። ሽታው ለራሴ አስጠላኝ። ወዲያው ግን ጭንቅላቴ ቀለለ። በቀጫጭን የብረት መርፌዎች ሥሩን ጠረገች፣ አጠበች፣ ጊዜያዊ መድፈኛ ደፈነችበት። አሞክሳሲሊን በየስምንት ሰዓቱ እንድውጥ አዝዛ ሰደደችኝ።

ጾመ ነቢያት ገባ። ጠዋትና ቀን መድኃኒት መዋጥ ከበደኝ። ስለዚህ የቀኑን ሦስቱንም ፍሬ ማታ ከጾም ስፈታ አንድ ላይ ዋጥሁ፤ ሆድ ውስጥ ገብተው ይከፋፈሉታል ብዬ። እብጠቱ ተመለሰ፤ እኔም ወደ ፍኖተ ሰላም ተመለስሁ።

ሐኪሟ አወሳሰዴን ስትሰማ እጇ ላይ የነበረውን አስቀመጠችው።

«አባ፣ ሰባቱን የጸሎት ጊዜ ማታ አንድ ላይ ያደርሱታል?»

«አላደርስም።»

«መድኃኒቱም እንደዚያው ነው፤ ሰዓቱ ሲጓደል ተሕዋሲው ያገግማል። እስኪያልቅ አንድም አይዝለሉ፤ የማርያም ዕለትም ቢሆን።»

ከመርፌው ይልቅ ይሄ አመመኝ። መድኃኒት የዋጠ ቄስ አይቀድስማ። ያበጠ ፊቴን ይዤ አባ ምሕረቴ ዘንድ ሄድሁ።

«በሽተኛ በጾም አይገደድም። መድኃኒትህን ዋጥ» አሉኝ።

«ቅዳሴውስ?»

«እሱን ለኔ ተወው።»

በቅሏቸውን አስጭነው፣ በዚያ ዕድሜያቸው ገበዝ ማርያም ከተማ ወርደው ቄስ ለምነው አመጡ። የበዓሉ ዕለት ጠዋት ፍሬዬን ውጬ ከሕዝቡ መካከል ቆምሁ። ከፋኝ፤ እንባዬም መጣ። ቅዳሴው ግን አልታጎለም። አባ ምሕረቴ ሲወጡ አጠገቤ ደረሱና፣ «እንግዳው እንዳንተ አያንዛዛም፤ ሕዝቡ ሳይወደው አልቀረም» አሉኝ። ያበጠው ጉንጬ እያመመኝ ሳቅሁ።

ከዚያ በኋላ መድኃኒቱን በሰዓቱ ጨርሼ፣ እብጠቱ እየጎደለ ሄዶ ፊቴን መልሼ ሳገኝ፣ ሐኪሟ ሥሩን እስከ ጫፉ በቋሚ መድፈኛ ሞላችው፤ የክራንቻዬንም ቀዳዳ አብራ ሞላችልኝ፤ እሱ ለካ ጥርሱን ሳይነቅሉ የሚደፈን ነበር። ከወራት በኋላ ደግሞ ሳልታመም ሄጄ ራጅ አንሺኝ ብዬ ለመንኋት፤ ሥሩ ውስጥ ነጭ መስመር ተዘርግቶ፣ ያች ጥላ ጠብባ፣ አጥንቱ ሊሞላ ሲመጣ አየሁ፣ ደስም አለኝ።

እግዚአብሔር ይስጣቸው፤ ጥሩዓለምን ስላልሰማችኝ፣ አባ ምሕረቴን ስለ ወረዱልኝ፣ ያችን ልጅ ስላልቸኮለች። እናንተም ጥርስ ያመማችሁ፣ ይሄ ነው ብላችሁ ጠቁማችሁ ንቀሉልን አትበሉ፤ ይንኳኳ፣ በብርድ ይሞከር፣ ራጅ ይታይ። ሕመሙ ተወኝ ብላችሁም አትዘናጉ፤ የኔዋ ዝም ያለችው ሞታ ነው። ጾም ቢሆን ለነፍስ አባታችሁ ንገሩና መድኃኒቱን በሰዓቱ ውሰዱ። እኔ አንዲት ኅዳር ጽዮን ቀረችብኝ፤ ከዚያ ወዲህ አንዲትም አልቀረችብኝም።