የደበቅኩት ወረፋ

ይህን ለምታነቡ ሁሉ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የእኔ ቢጤ ሰው እስክሪብቶ ይዞ ሲታገል ማየት ደስ አይልም። ፊደል የቆጠርኩት ጺሜ ከሸበተ በኋላ፣ በማታው ትምህርት ነው። ዛሬም አንድ መስመር ጽፌ ስጨርስ አንድ ኩንታል ያወረድኩ ይመስል ወገቤን እይዛለሁ። አስተማሪያችን ሊድያ "ስለ ሰፈራችሁ አንድ ሰው ጻፉ፣ ሰብስቤ አስጠርዘዋለሁ" ስትለን፣ ጓደኞቼ ስለ ሐኪሙ፣ ስለ ሼኹ፣ ስለ ቄሱ ጀመሩ። እኔ ደግሞ ስለ ሰው ተሳስቼ ጽፌ ከምጣላ ብዬ ስለ ራሴ ልጽፍ ወሰንኩ። ራሴን ባበላሽ የሚከሰኝ የለም።

ስሜ ወርቁ ነው። ስሙን ያወጡልኝ ሰዎች ተስፋ ነበራቸው ማለት ነው። ቅድመ አያቴ ጠመንጃ ይዘው ነው ሐረር የገቡት ይባላል፤ እኔ የያዝኩት የቧንቧ ቁልፍ ነው። ከጀጎል ግንብ በሮች በአንዱ፣ በፈላና በር ገብቶ ሽቅብ የሚወጣው ጠባብ መንገድ መሐል ላይ አንዲት ትንሽ ሜዳ አለች። ሦስት አህያ ጎን ለጎን ከቆመ አራተኛው ወደ መጣበት ይመለሳል። እዚያች ላይ ያለውን የሰፈሩን የውሃ ቦኖ የምጠብቀው እኔ ነኝ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ሥራው ለዓይን አፋር ሰው የተፈጠረ ነው። ውሃ ሲመጣ መክፈት፣ ሲሞላ መዝጋት። ንግግሩን ሴቶቹ ይችሉታል፤ የእኔንም ድርሻ ጨምረው ይናገሩልኛል።

ውሃ በእኛ በኩል በሳምንት አንዴ ይመጣል፤ በየትኛው ቀን እንደሆነ ግን አይታወቅም። ስለዚህ የሚሰለፈው ሰው ሳይሆን ጀሪካን ነው። ባለቤቱ ገበያ ይሂድ፣ ሶፊ ገጠር ወርዶ ዘመድ ይጠይቅ፣ ታሞ ይተኛ፣ ጀሪካኑ ቆሞ ቦታውን ይጠብቅለታል። ስም አይጻፍበትም፣ ግን የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ቀይ ጨርቅ የታሰረበት የሀናን ነው፣ ጆሮው ተሰብሮ በሽቦ የተጠገነው የልብስ ሰፊው። ከሰልፉ የወጣ ጀሪካን ቦታውን ያጣል፣ ተመልሶ ከመጣ ከኋላ ነው። የሰው ጀሪካን ማንቀሳቀስ ደግሞ ድንበር እንደ መግፋት ነው። በእኛ ሰፈር ባልና ሚስት ተጣልተው ሰሐን ሲወራወሩ አይቻለሁ፤ የተሰለፈ ጀሪካን ግን ማንም አይነካም።

ይህ የምነግራችሁ ነገር በሆነበት ሳምንት ከሰልፉ አንደኛ የነበሩት አዴ ዋፊቃ ናቸው፤ አዴ የምንለው ትልቅ ሴት ስናከብር ነው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፣ የሚኖሩት ብቻቸውን ነው፣ ጉልበታቸውም አይታዘዝላቸውም። ከደጃቸው እስከ ቦኖው ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው፤ ሃያውንም መሐል ላይ አርፈው ነው የሚጨርሱት። አረንጓዴ ክዳን ያላቸው ሦስት ትንንሽ ጀሪካኖች አሏቸው። ውሃ ሲቀዱ አንድ በአንድ ያመላልሳሉ፤ ልርዳዎት ያላቸውን ሰው እንደ ተሳደበ ነው የሚያዩት።

ነገሩ የመጣው ከቀለሙ ጋር ነው። መንገዳችን ግድግዳው ሰማያዊ፣ ሐምራዊና ቢጫ ከተቀባ ወዲህ እንግዳ ይጎርፍበት ጀመር። ልጆቹ "ፈረንጆ" እያሉ ይከተላሉ፣ ሀናን በደጇ የአለላ ስፌቷን ትደረድራለች፣ ትሸጣለች። እኔም አልጠላሁትም። አንድ ቀን አንዱ ፎቶ ሊያነሣኝ ሲያነጣጥር ሆዴን ስቤ፣ ትንፋሼን ይዤ ቆምኩለት። ለካስ የሚያነሣው ከኋላዬ ግድግዳው ላይ የተኛችውን ድመት ኖሯል። በእጁ ዞር በልልኝ አለኝ፣ ዞር አልኩለት።

ዚያድ የሚባል ልጅ አለ፣ በወረዳው የቱሪዝም ክፍል የሚሠራ። ክፉ ልጅ አይደለም፣ እዚሁ ጀጎል ነው የተወለደው፣ ሲያናግረኝም "ጋሽ ወርቁ፣ እርስዎ" እያለ ነው። አንድ ሰኞ መጥቶ፣ ቢጫው የጀሪካን ሰልፍ መንገዱን ዘግቶ እንግዶች እየተመለሱ መሆኑን ነገረኝ። ቦኖውን ከበሩ ውጭ አውጥቶ አራት ቧንቧ ያለው፣ ጣሪያ ያለው ለማድረግ ታስቧል፤ ሐሙስ በስብሰባ ይወሰናል አለኝ። አራት ቧንቧ ሲል ልቤ ደስ አላት። ቀጥሎ መንገዱን አየሁት። ከበሩ እስከ አዴ ዋፊቃ ደጅ ዳገት ነው። ባዶ ጀሪካን ይዘው ይወርዱታል፣ ሞልተው ግን አይወጡትም።

ይህን መናገር ነበረብኝ። የተናገርኩት "እሺ" ነው። በሕይወቴ አብዝቼ የተናገርኩት ቃል እሱ ይመስለኛል። ዚያድ ግን ፊቴን አይቶ ነው መሰለኝ፣ አንድ ነገር ጨመረልኝ። "ነገ ማክሰኞ ብዙ እንግዶች ይመጣሉ። በዚያን ቀን መንገዱ ክፍት ሆኖ ካየሁት ቦኖው እዚሁ ይቆይ ብዬ ለስብሰባው እኔ ራሴ እናገራለሁ" አለኝ። እኔም መንገዱን አጸዳዋለሁ ብዬ ቃል ሰጠሁ።

አሁን ጀሪካኑን ለማንሣት ባለቤቶቹን መጠየቅ ነበረብኝ። ግን ባለቤቶቹ አርባ ያህል ናቸው፣ አብዛኞቹም ሴቶች፣ እያንዳንዳቸው አንድ ጥያቄ ብትጠይቀኝ አርባ ጊዜ ማላቤ ነው። ስለዚህ ማክሰኞ ጠዋት ሰው ገበያ እስኪሄድ ጠበቅኩና አንድ በአንድ ከቦኖው አጠገብ ወዳለችው ግቢዬ አስገባሁት። ወረፋው እንዳይበላሽ ብዬ ከአንደኛው ጀመርኩ። የአዴ ዋፊቃን ሦስቱን ለክብራቸው ስል ጥላ ያለበት የመጨረሻው ጥግ ላይ አቆምኳቸው። ከዚያ ቀጣዩን፣ ከዚያ ቀጣዩን፣ እስከ በሩ ድረስ። ግቢዬ ጠባብ ስለሆነች አንድም መተላለፊያ አልቀረም። ስጨርስ በሩ ላይ ቆሜ አየሁትና ኮራሁ። እንደዚያን ቀን ብልጥ ነኝ ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ከዚያ ወዲህም አላሰብኩም።

እንግዶቹ ገቡ። መንገዱ ክፍት፣ ግድግዳው ያምራል፣ ዚያድ ፈገግ እያለ ይመራል። እነሱ ከሜዳዋ አልፈው ጥቂት ሽቅብ እንደወጡ ቧንቧው ማንኮራፋት ጀመረ። ያን ድምፅ የሰፈሩ ሰው በእንቅልፉም ያውቀዋል። ውሃ መጣ።

ሴቶቹ ከየት እንደመጡ አላውቅም፣ ብቻ መጡ። ሜዳዋ ባዶ ናት።  ከዚያ ሀናን ወደ እኔ ዞረች።

"አቦ ወርቁ፣ ሸጥከው እንዴ?"

የግቢዬን በር ከፈትኩ። ያን ጊዜ ነው ሥራዬ የገባኝ። የአንደኛዋ ጀሪካን ከጥግ ነው፣ የመጨረሻው ሰው ጀሪካን ከበሩ ላይ። አንደኛውን ለማውጣት አርባውን መሻገር ሊኖርብኝ ነው። "ቆይ፣ ቆይ፣ ተራ አለው" እያልኩ ገባሁ፤ እስከ ጉልበቴ ድረስ በጀሪካን ተዘፍቄ መሐል ላይ ተያዝኩ። ወደ ጥጉም አልደርስ፣ ወደ በሩም አልመለስ። ከኋላዬ ያሉት ደግሞ ከበሩ ያለውን እየመዘዙ ወደ ቧንቧው ሮጡ። ትናንት ማታ የተሰለፈው አንደኛ ሆነ። አንዷ ስትሮጥ "ዛሬስ አሰላለፉን አወቅክበት፣ ጌታዬ" አለችኝ፤ ጎረቤቷ ደግሞ ለጀሪካኑ ዘበኛም ዘበኛ እንቅጠርለት አለች። እንግዶቹ ጫጫታውን ሰምተው ተመለሱ። የግድግዳውን ቀለም ትተው በጀሪካን ባሕር ውስጥ የሚዋኘውን ሰውዬ አነሡ። በዚያን ቀን ከእኔ በላይ ፎቶ የተነሣ በጀጎል ያለ አይመስለኝም፤ ድመቷም አልበለጠችኝም። ዚያድ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ ቆሞ ነበር።

ጥጉ ጋ ስደርስ ውሃው ሄደ። ሰባት ሰው ሳይቀዳ ቀረ፣ ከሰባቱ አንዷ አዴ ዋፊቃ ናቸው። ደጃቸው ቆመው ሁሉንም ሲያዩ ነበር።  ሦስቱን ባዶ ጀሪካኖቻቸውን ወሰድኩላቸው፣ እፍረቴ እንዲቀንስልኝ ደግሞ ከቤቴ የነበረኝን አንድ ሙሉ ጨምሬ።

"አንተ ወርቁ" አሉኝ፣ "እኔ ያጣሁት ወረፋዬን ነው። ይኼን ለሚለምን ስጠው።"

በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት። ቢወረውሩት ይሻለኝ ነበር። በኋላ ሀናን ከራሷ ቀድታ ስትወስድላቸው ተቀበሏት አሉ። ያልተቀበሉት የእኔን ነው።

ሐሙስ ከበሩ አጠገብ ያለው የስብሰባው አዳራሽ ሞልቶ ጠበቀኝ። ከኋላ፣ ከምሰሶው ጀርባ ተቀመጥኩ። ሰብሳቢው አቶ ዐብዱልወሃብ ናቸው። ዚያድ ተነሥቶ የሆነውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ተናገረ። ሞከርን፣ አልተሳካም፣ ቦኖውና እንግዳው በአንድ መንገድ አይሄዱም፣ ወደ በሩ ይውጣ አለ። ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። ሀናን ተነሥታ እንግዳው ከቀረ ስፌቴን ለማን ልሸጥ ነው አለች፤ ውሃው ከራቀ ደግሞ እሳቸውስ ብላ ወደ አዴ ዋፊቃ አመለከተችና፣ ሁለቱም ስላስጨነቋት ሳትጨርስ ተቀመጠች። አዴ ዋፊቃ ከፊት ናቸው። ያን ዳገት እንዴት እንደወረዱ አላውቅም።

ከዚያ የቦኖው ጠባቂ ይናገር ተባለ። ኪሴ ውስጥ ጽፌ የያዝኩት ወረቀት ነበር። አወጣሁት። "የተከበራችሁ" የሚለውን ለማንበብ የፈጀሁት ጊዜ እንዲህ ነው አልልም፤ ብቻ ከመሐል አንዱ፣ ወርቁ አንብቦ እስኪጨርስ ውሃው ይመጣል አለ። ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ። ወረቀቱን አጠፍኩት።

"ወረፋው ማንንም አላስቸገረም" አልኩ። "ያስቸገረው የእኔ መደበቅ ነው። አርባ ሰው መጠየቅ አፍሬ አርባ ጀሪካን ተሸከምኩ። ጥፋቱ የቦኖው አይደለም፣ የእኔ ነው። ቦኖው ከበር ውጭ ከወጣ አዴ ዋፊቃ ሞልተው አይመለሱም። ይኼንን ሰኞ ለዚያድ መናገር ነበረብኝ።"

ይኼን ካልኩ በኋላ ለመቀመጥ ቸኩዬ ወንበሩን ስቼ የልብስ ሰፊው ጭን ላይ ተቀመጥኩ። ስለዚህ ሳቁ ሁለተኛ ጊዜ ሆነ። ሳቁ ሳያልቅ አዴ ዋፊቃ ከተቀመጡበት ተናገሩ፦

"ወርቁ ሞኝ ነው፣ ወላሂ። ግን የእኛው ሞኝ ነው፣ ጥፋቱን ደጃችን ላይ እናየዋለን። ከበር ውጭ የሚቀመጠውን ብልጥ ማን በየጊዜው ወርዶ ይቆጣጠረዋል? እኔ እንደሆነ አልችልም።"

 ዚያድ ተነሥቶ፣ አስጎብኚዎቹ ጠዋት ጠዋት እሱ ጋ እንደሚመጡ ተናገረ። ውሃ መምጣቱን የሚነግረው ካገኘ እንግዶቹን በላይኛው መንገድ አዙሮ መላክ ይችላል። እስከ ዛሬ ማንም አልነገረኝም አለ። እኔ መሬት መሬት አየሁ፤ ስልክ ቁጥሩን የሰጠኝ አምና ነው። አቶ ዐብዱልወሃብ ሁሉንም ሰምተው ወሰኑ። ቦኖው ባለበት ይቆያል። በሩ ላይ የታሰበው ባለ አራት ቧንቧ፣ በጀት ሲገኝ ለታችኛው ሰፈር ይሠራል። ጀሪካኖቹ ግን ግድግዳ ተጠግተው ለሰው ማለፊያ ይተዉ፣ ጠባቂውም ውሃ ሲመጣ ለዚያድ ይደውል። ይኼ ሁሉ በባለጀሪካኖቹ ፈቃድ ይሁን፣ ጠባቂው ይጠይቅ አሉ። እኔን እያዩ ነው ያሉት።

በማግስቱ፣ ዓርብ ጠዋት፣ ፊቴን ታጥቤ ከሀናን ደጅ ጀመርኩ። በሩን አንኳኩቼ ስትከፍት የመጣሁበትን ረሳሁት። ከየት ልጀምር ብዬ ስለ ጤናዋ ሁለት ጊዜ ጠየቅኳት፤ እሷ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ጠበቀችኝ። በመጨረሻ ተናገርኩ፤ ጀሪካኗን ወደ ግድግዳው ላስጠጋ፣ የአዴ ዋፊቃን ደግሞ ከፊቷ ላስገባ። "ይኼን ለማለት ነው ይኼን ሁሉ ያላበህ?" ብላ ፈቀደችልኝ። ልብስ ሰፊው መርፌው ውስጥ ክር እስኪያስገባ አቆመኝ፣ ጭኑን እንደሚያመው ነግሮኝ ፈቀደ። አንዷ እምቢ አለች፣ ተመልሼ ሄድኩ፤ ደግማ እምቢ አለች፣ በሦስተኛው ቀለል ብሏት ሳይሆን ሰልችቷት እሺ አለች። ፀሐይ ስትበረታ ሁሉንም ጨርሼ የአዴ ዋፊቃን በር አንኳኳሁና ወረፋዎን ልመልስ መጣሁ አልኳቸው።

"ማን አዘዘህ?" አሉኝ።

"ጠይቄ ነው።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

ገቡና ሦስቱን ጀሪካኖች አንድ በአንድ አወጡልኝ። ወስጄ ግድግዳውን አስጠግቼ ከሁሉ ፊት አቆምኳቸው፤ እሳቸውም መሐል ላይ አርፈው መጥተው፣ በትክክል መቆማቸውን አይተው ተመለሱ።