ሃያ ለአሥራ ስምንት

ሽንፈት አልወድም። ድሮ ኮምቦልቻ መንገድ ዳር ፒንግ ፖንግ ስጫወት ተሸንፌ በሰላም ቤቴ የገባሁበት ቀን ትዝ አይለኝም፤ አንዴ ራኬቱን፣ አንዴ ነፋሱን፣ አንዴ ተመልካቹን እየረገምኩ ነበር የምገባው። ሳውዲ፣ ጂዛን ስመጣም ይኸው አመሌ ባሕሩን አብሮኝ ተሻገረ።

እዚያው ጂዛን ውስጥ ባይሽ በምትባል ቦታ የሰው በግ እጠብቃለሁ። ከአጥር ማዶ ያለውን እርሻ ውሃ የሚያጠጣው ደግሞ የወልድያ ሰው ነው። ቀኑን ሙሉ ከውሃ ሞተሩ ስለማይለይ ባለሞተሩ እንለዋለን፤ እኔን ባለበጎቹ ይሉኛል። ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ በየእርሻው ያለን የወሎ ልጆች በሁለቱ እርሻዎች መሀል ካለው ቁርቁራ ጥላ ሥር እንሰበሰባለን። ጠረጴዛችን ሁለት በርሜል ላይ የተጋደመ የቺፑድ በር ነው። መረባችን በገመድ የተወጠረ የሽንኩርት ከረጢት። ራኬቶቹ የካፊሌ፣ ማለትም የአሰሪዬ ልጆች ሰልችተዋቸው የጣሏቸው ናቸው።

እኔና ባለሞተሩ የዚያች በር ሻምፒዮኖች ነበርን። ሌላውን ሁሉ እናሸንፍና መጨረሻ ላይ ሁለታችን እንቀራለን። ሰዉም ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ ለኮምቦልቻ፣ ግማሹ ለወልድያ ይጮኻል። ከጨዋታው ውጪ እምብዛም አናወራም ነበር። እኔ ነኝ የማላወራው፤ ያሸነፈኝን ሰው ሰላም ማለት ራሱ ይተናነቀኛል።

ይበልጥ የሚያናድደኝ ደግሞ ሐቀኝነቱ ነው። ኳሷ የእሱን የጠረጴዛ ጠርዝ ላመል ነክታ ስትወድቅ፣ ማንም ሳያይ፣ "ነክታለች፤ ነጥቡ ያንተ ነው" ይላል። መጀመሪያ ሞኝ መስሎኝ ነበር። በእኔ በኩል ስትነካ እኔ ጸጥ ነው የምለው። እሱም ማየቱ አይቀርም፤ ግን አንድ ቀን እንኳ ጠይቆኝ አያውቅም። እንዲህ ካለ ሰው ጋር እንዴት ተብሎ ይጣላል?

ያን ዓመት ካፊሌ ኢጃዛ ሊሰጠኝ ቃል ገብቶልኝ ነበር። ኢጃዛ ማለት አገር ቤት ደርሶ የመመለስ ፈቃድ ነው። "በጎቹን አንድም ሳይጎድል ለዒድ ካደረስክልኝ ትሄዳለህ" ብሎኛል። እኔ ስወጣ ሚስቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። ልጄ አራት ዓመቷን ልትይዝ ነው፤ በስልክ ካልሆነ አይቻት አላውቅም። እነዚያን በጎች ጠዋትና ማታ እየቆጠርኩ የማድረው ለእሷ ስል ነው።

ታዲያ ከዒዱ ሦስት ሳምንት ሲቀር፣ ዓርብ ዕለት፣ የመረቡ ገመድ ፀሐይ በልቶት ተበጠሰ። ሦስት ዓርብ በተከታታይ ተሸንፌ ስለነበር ልቤ ቸኩሏል። ሮጥኩና የሆሹን፣ ማለትም የበጎቹን በረት፣ በር የማስርበትን ገመድ ፈትቼ አመጣሁ። በሩን በድንጋይ ደገፍኩት። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይላሉ አባቶቻችን፤ እኔ ግን የዚያን ቀን ተረት የምሰማበት ጆሮ አልነበረኝም። ባለሞተሩ ገመዱን ተቀብሎ መረቡን ወጠረ።

እስከ ሃያ አንድ ነው የምንጫወተው። ሃያ ለአሥራ ስምንት እየመራኝ ኳሷ እጁ ላይ ነበረች። አንድ ምት ብቻ ቀርቶታል። እሱ ፊቱን ወደ ሆሹ አዙሮ ቆሟል፤ እኔ ጀርባዬን ሰጥቻለሁ። ሊመታ እጁን አነሳና አወረደው።

"በጎችህ በርሲም ውስጥ ናቸው" አለኝ።

በርሲም በባለሞተሩ እርሻ የሚበቅል የመኖ ሣር ነው። እኔ ግን ዘወር ብዬ እንኳ አላየሁም። "ምታ ባክህ! አታጭበርብር!" አልኩት። በሕይወቴ ከተናገርኳቸው ቃላት መልሼ ብውጣቸው ደስ የሚለኝ እነዚህን ነው።  ራኬቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ እየሮጠ አለፈኝ።

ስዞር ክው አልኩ። ድንጋዩ ተንከባሏል፣ በሩ ተበርግዷል፣ በጎቹ በአጥሩ ክፍተት አልፈው ጠዋት እሱ ራሱ ያጠጣው እርጥብ በርሲም ውስጥ አንገታቸውን ቀብረዋል። ርሃብ ላይ ያለ በግ እርጥብ በርሲም ከጠገበ ሆዱ ይነፋል፤ ካልተደረሰለት ይሞታል። አባረን ስናስወጣቸው የሰባቱ ግራ ጎን እንደ ከበሮ ተወጥሮ ነበር። ከሁሉም የባሰው ካፊሌ ለዒድ ያዘጋጀው ሙክት ነው።  ልጄን ያጣኋት መሰለኝ።

"አብሽር ወንድሜ፣ ያላ፣ ያዝልኝ!" አለ ባለሞተሩ። ክፍሉ ገብቶ ለወር ወጡ የገዛውን የሰሊጥ ዘይት በጀሪካኑ ይዞ መጣ። እኔ አፋቸውን እከፍታለሁ፣ እሱ ያንቆረቁራል። አፋቸው ክፍት እንዲሆን ዱላ አግድመን አሰርን። የፊት እግራቸውን ከፍ ባለው አፈር ላይ አቁመን ጎናቸውን አሻሸን። ሌሎቹም ልጆች አንድ አንድ በግ ያዙ፤ ኮምቦልቻና ወልድያ የሚል ሰው አልነበረም። አንድ በአንድ እያገሱ ተነፈሱ። ሙክቱ ቀረ። ለከሰዓቱ የዐስር ሶላት ሲጠራ አንድ ረጅም ግሳት ባለሞተሩ ፊት ላይ ለቀቀበት፤ "አልሐምዱሊላህ!" ብሎ ሽታውን እንደ ሽቶ ተቀበለው። እየሳቅኩ አለቀስኩ።

ጀሪካኑ ባዶውን ቀረ። እኔም "ለካፊሌ አንንገረው፤ ማን አየ?" አልኩት። ባለሞተሩ "እኔ አይቻለሁ" አለ።

ካፊሌ ሲመጣ ባለሞተሩ አብሮኝ ሄዶ በዐረብኛ ነገረው። "የሆሹን ገመድ ፈትቶ ያመጣው እሱ ነው። የበር ገመድ መሆኑን እያወቅኩ መረቡ ላይ ያሰርኩት ደግሞ እኔ ነኝ። የተበላውን በርሲምም ለእኔ ካፊል ራሴ እነግረዋለሁ።" ካፊሌ የእያንዳንዱን በግ ጎን እየዳሰሰ ቆጠረ። አንድም አልጎደለም። ሲጨርስ ወደ እኔ ዞሮ "ኸላስ፣ ኢጃዛህ እንዳለ ነው። ገመዴን ግን ወደ ቦታው መልስ" አለኝ።

በቀጣዩ ዓርብ በአዲስ ገመድ ቆምን። "አንተ አሸንፈሃል፤ ሃያ አንድ ብለህ ያዘው" አልኩት። "ያልተመታ ኳስ አይቆጠርም" ብሎ እምቢ አለ። ሃያ ለአሥራ ስምንት ብለን ከቆምንበት ጀመርን። መታ። ኳሷ በእኔ በኩል ጠርዙን እንደ ዝንብ ነክታ ወደቀች። "ወጣች! ወጣች!" ብሎ የኮምቦልቻ ደጋፊ ጮኸ። ባለሞተሩም ለሌላ ምት መዘጋጀት ጀመረ።

"ነክታለች" አልኩ።

ከዚያ በፊት ይህችን ቃል ከአፌ አውጥቼ አላውቅም። እሱ ጠረጴዛውን ዞሮ መጣና እጄን ጨበጠኝ። ለኢጃዛ የምነሳ ዕለትም በሙቀቱ ያልተሰነጠቀች አንዲት ብርቱካናማ ኳስ ቀርታን ነበር፤ እሷን ኪሴ ውስጥ ከተተልኝ። "ለልጅህ ናት። እስክትመለስ ሌላ እንፈልጋለን" አለኝ። ወላሂ፣ ከዚያ ሁሉ የስደት ዓመት የተረፈኝ ሀብት ምንድን ነው ብባል ያንን ሰው ነው የምጠራው።

ልጄ ሁለት ቀን ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ተሸሸገችብኝ። ከረሜላውንም አዲሱን ልብስም ተቀብላ ትሮጣለች። በሦስተኛው ቀን ኳሷን ወለሉ ላይ ነጠር ነጠር አደረግኋት። ተንከባላ እግሯ ሥር ቆመች። አየቻት፣ አየችኝ፣ አነሳችና ወረወረችልኝ። መለስኩላት። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ እንዲሁ ስንመላለስ ዋልን፤ በየውርወራው አንድ አንድ እርምጃ ትቀርበኛለች።

አመሻሹ ላይ ለባለሞተሩ ደወልኩ። ከኋላው የውሃ ሞተሩ ይጮሃል።

"እህሳ፣ ከልጅህ ጋር ስንት ለስንት ናችሁ?" አለኝ።

ኳሷን እንደጨበጠች ጭኔ ላይ እንቅልፍ ወስዷት ስለነበር፣ እንዳትነቃብኝ ድምፄን ዝቅ አድርጌ "ተሸነፍኩ" አልኩት።