መስኮት ላይ ያስቀመጥኩት ክሮተን

ዛሬ ጠዋት አከራዬ እትዬ የሺ በሬን በርግደው ገቡና ቅጠሉ ቀይና ቢጫ የሆነውን የቤት ተክሌን፣ ክሮተኔን፣ ከመስኮት አንስተው መሬት ላይ ከሰከሱት።

«አንቺንም እንዲገድሉሽ ነው?» አሉኝ።

(የዩኒቨርሲቲ ተመራቂዋ እኔ ስለ ተክሉ ያነበብኩት ስለሚፈልገው ውሃና ፀሐይ ብቻ ነበር።)

እንደነገሩኝ፣ በደርግ ጊዜ፣ እዚሁ ደብረ ታቦር፣ መምህር የነበረው የእትዬ ወንድም እንዲህ ያለ ተክል ነበረው። የቆላ ተክል ስለሆነ ቀን መስኮት ላይ፣ ማታ ውርጭ እንዳይመታው ምድጃ ዳር ያደርገው ነበር።

ተክሉ መስኮት ላይ ሲወጣና ሲነሳ ያዩ የቀበሌ ታጣቂዎች «በቀይ ቅጠል ለማን ነው ምልክት የምትሰጠው?» ብለው በሰደፍ ጥርሱን አረገፉት።

«ብርድ አይችልም፣ ጓዶች» ቢላቸው፣ «ቅጠል ይበርደዋል እንዴ!» ብለው ሳቁበት።

ደጃፉ ላይ፣ እትዬ እያዩ፣ ረሸኑት።

የተሰበረውን ቅርንጫፍ ውሃ ውስጥ ነክሬዋለሁ፤ ሥር ያወጣል። መስኮት ላይ ግን አላወጣውም።

እናንተስ ቤት፣ ከዚያ ዘመን ወዲህ መስኮት ላይ የማይቀመጥ ምን አለ?