ቀይ ጨርቅ በእናቴ ማሳ ጥግ

የጂኦግራፊ መምህራችን ከጎጃም ደጋ የመጣ ጎበዝ ልጅ ነበር። ጎበዝነቱን የሚጠራጠር የለም፤ ያልቻለው በሱዳን ጠረፍ ያለችውን የከተማችንን፣ የገንዳ ውሃን፣ ሙቀት ብቻ ነው። ጠዋት ገና ሳይረፍድ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ይጣበቃል። ስለ ቆላ አየር ንብረት ሊያስተምረን ሲጀምር «ቆላ ማለት» ይልና መሃረቡን ያወጣል። እኛ ምሳሌውን ፊታችን ቆሞ እያየነው ማብራሪያው ብዙም አያስፈልገንም ነበር።

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለን፣ በጥቅምት ወር፣ የመስክ ሥራ ሊያወጣን ተነሣ። ከከተማው ወጣ ብለን መሬቱን ለክተን፣ የቱ እርሻ የቱ ግጦሽ እንደሆነ የሚያሳይ ካርታ ልንሠራ ነው። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ ጥቅምትን መምረጡ ግን የደገኛ ነገር ሆነበት። ሰሊጥ እንደ ማሽላ ቆሞ አይጠብቅም። ታችኛው ፍሬው ቢጫ ሲል ካላጨዱት አፉን ይከፍትና የዓመቱን ልፋት መሬት ላይ ያፈሰዋል። በእኛ አገር በጥቅምት ሠርግ አይደገስም፣ የታመመ ሰውም ቶሎ ይድናል።

እናቴ የምታርሰው ብቻዋን ነው። አባቴ ከሞተ ወዲህ ያቺን ማሳ ይዛ የቀረችው ተሟግታ ነው። አጠገቧ ያለው ሰፊ እርሻ የባለሀብት ስለሆነ፣ አንድ ቀን ለክተው ይወስዱብኛል የሚል ሥጋት ከልቧ ወጥቶ አያውቅም። መኪና ከመንገድ ወጣ ካለ፣ ሹፌሩ ለሽንት ቢወርድ እንኳ፣ ተመልሶ እስኪሄድ ቆማ ታየዋለች። የመስክ ሥራውን ስነግራት ግን አጫጆቿ ከወሎ ደርሰውላት ደስ ብሏት ነበርና ለአንድ ቀን ነው ሂጂ አለችኝ። የት እንደምንሄድ እሷም አልጠየቀች፣ እኔም አላወቅሁ።

መምህሩ ያን ሁሉ ሜዳ ትቶ እኛው ማሳ አጠገብ ያለችውን ጉብታ ወደዳት። ከግንበኞች የተዋሰውን ረጅም ሜትር ዘረጋን፣ ችካል ተከልን፣ ከሩቅ እንዲታይም በየችካሉ ራስ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰርን። አንዱ ችካል በእናቴ ማሳ ጥግ ላይ አረፈ። እሷ ውሃ ልትቀዳ ወርዳለች። መምህሩ ሰፊ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ኮምፓሱን ዓይኑ ሥር አድርጎ፣ ወደ ሰሊጡ እየጠቆመ ቁጥር ይጠራል፤ እኔ እጽፋለሁ።

እዚህ አካባቢ ባርኔጣ የደፋ ሰው ሜትር ዘርግቶ ቀይ ጨርቅ ካሰረ ነገር አለቀ፤ መሬቱ ለሌላ ተሰጥቷል ማለት ነው። አጫጆቹ ቀና አሉ፣ ተያዩ፣ ማጭዳቸውን እየሰበሰቡ ከሰሊጡ ይወጡ ጀመር። መምህሩ ደግሞ ሰላም ሊሉት የመጡ መስሎት እጁን ዘርግቶ ሄደ።

የተማሪ ትምህርት ነው ብሎ ቢያስረዳቸው ማን ይመነው። መሬት ሊወስድ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ ሁልጊዜ በትሕትና ነው የሚያወራው አሉት፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ባለቤቱ ነገ ሌላ ከሆነ የዛሬ ድካማችንን ማን ይከፍለናል ብለው፣ ወደ ኮኪት ከተማ የሚሄድ ተጎታች ያለው ትራክተር አስቁመው ተሳፈሩ። ልጇ እኮ ነኝ ብዬ እየሮጥኩ ለመንኳቸው። የኔ ልመና ጭራሽ አባሰው፤ ልጇንም ከጎናቸው አሰልፈዋታል ተባባሉ።

እናቴ ጀሪካኗን ይዛ ብቅ ስትል አጫጅ የለም፣ ጥጉ ላይ ቀይ ጨርቅ አለ፣ እኔም እስክሪብቶ ይዤ ቆሜአለሁ። ጀሪካኑ ከእጇ ወደቀ። ነገሩን ስንነግራት አልጮኸችም። ሰሊጡ መሐል ገብታ አንዱን ግንድ ዘንበል አድርጋ ፍሬውን በጣቷ ነካችው። ጫፉ መሰንጠቅ ጀምሯል።

«ኻላስ» አለች፣ በሱዳኖቹ አፍ። አለቀ ማለቷ ነው።

የእናቴን ጩኸት ለምጄዋለሁ፤ ቀስ ብላ ስትናገር ግን ቆሌዬ ይገፈፋል። ወደ መምህሩ ዞራ «አንተ ልጅ፣ መሬቴን ስትለካ ሰሊጤን በተንክብኝ» አለችው።

መምህሩ ባርኔጣውን አወለቀ። ይቅርታ ይላል ብዬ ስጠብቅ ማጭድ የት እንደሚገኝ ጠየቀን። ከየጎረቤቱ ማሳ ለምነን አመጣንና ክፍሉ በሙሉ ሰሊጡ ውስጥ ገባ። መምህሩ አጨደ ከማለት ታገለ ማለት ይቀላል። ይባስ ብሎ ነዶውን ዘቅዝቆ ተሸከመ። አፉን የከፈተ ሰሊጥ ሲዘቀዘቅ ምን እንደሚሆን እናቴ ዘር ማንዘሩን ሳትረሳ አስረዳችው። እሱም እሺ እናቴ፣ እሺ እናቴ እያለ ይሸከማል። ፀሐይ ወደ ሱዳን ስታዘቀዝቅ የመጨረሻውን ነዶ አቆምን። ነዶውን አቁመን የምናደርቅበትን ክምር ሂላ እንለዋለን፤ መምህሩ የሠራው ሂላ ብቻ እንደ ሰከረ ሰው አዘመመ። እናቴ ማንም እንዲያቃናው አልፈቀደችም፣ መንገደኛው ሁሉ ይየው አለች።

ካርታው ተሠርቶ በወላጆች ቀን ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ መጣች። መምህሩ መንገዱን አሳያት፣ ወንዙን አሳያት፣ ቢጫው የእርስዎ ማሳ ነው አላት። ጣቷን ቢጫው ላይ አሳረፈችና አላነሣች አለች። ማንበብ አትችልም።

«የማን ነው ይላል?» አለች።

እንዲህ ባለ ካርታ ላይ የባለቤት ስም እንደማይጻፍ በትዕግሥት አስረዳት። እስኪጨርስ ሰማችው።

«መምህር» አለችው፣ «ያን ቀን ጨርቁን ሳይ እኔ ሞቼ ነበር። ስሜን ይጻፉልኝ።»

እስክሪብቶውን ከኪሱ አወጣና የእሷን፣ የአባቷን፣ የአያቷን ስም ቢጫው ውስጥ ጻፈ። አንብቢልኝ አለችኝ፤ አነበብኩላት። ድገሚልኝ አለችኝ። ስደግምላት አለቀስኩ። እሷም ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

ከዚያ ወደ መምህሩ ዞራ «እንግዲህ ለሚመጣው ጥቅምት የመስክ ሥራውን ቀን አስቀድመው ይንገሩኝ» አለችው፤ «አጫጅ አልቀጥርም።»