ጃኒን ወደ ገንዳው የወረደች ዕለት

ጃኒን በእንግሊዝ አገር፣ በሃሊፋክስ አቅራቢያ ባለች ከተማ የትምህርት ቤት ምሳ አዳይ ናት። ጭልፋዋ ለጋስ ነው፤ ምላሷ ግን ምሕረት አያውቅም። አንዱ ልጅ ካሮቱን ወደ ሳህኑ ጠርዝ ሲገፋ ካየች፣ "ብላ! የኔ ፍሬያ ካሮት በልታ ነው ዩኒቨርሲቲ የገባችው" ትለዋለች። እውነቱን ለመናገር ፍሬያ ገና አልገባችም። ቦታዋን ካስያዘች በኋላ "አንድ ዓመት ቆይቼ ልግባ" አለች። እናቷም አልከፋትም። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እንደዚያ ነው፤ ግማሹ ካፌ ይሠራል፣ ግማሹ ስፔን ሄዶ ፀሐይ ልጦት ይመለሳል።

ፍሬያ ግን የትም አልሄደችም። ከቤታቸው ጀርባ ባለው የጀልባ ቦይ በበጎ ፈቃድ ልሥራ ብላ ገባች። መጀመሪያ ከውሃው ውስጥ የሱፐርማርኬት ጋሪና የዛገ ብስክሌት ስትጎትት ከረመች። ቀጥሎ ቀለም መቀባት፣ ከዚያ ድንጋይ መግጠም ተማረች። ማታ ማታ ጭቃዋን በር ላይ እያራገፈች የምታወራው ስለ ውሃ ብቻ ሆነ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ማለት ይኸው አይደል! ብርዱ ሲጠና የቦዩ ኃላፊ ሥራ አቀረበላት። በሳምንት አራት ቀን ትሠራለች፣ አንድ ቀን ትማራለች፣ ደመወዝ እየተከፈላት በመጨረሻ የምህንድስና ዲግሪ ትይዛለች። የሥራው ስም ግን "ተለማማጅ" ነው።

ጃኒንን ያንገበገባት ያ ቃል ነው። አባቷ በልጅነቱ ተለማማጅ ተብሎ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገባ። በመጀመሪያው ቀን ነባሮቹ ሠራተኞች "የግራ እጅ መዶሻ ገዝተህ ና" ብለው ላኩት። ምስኪኑ የሌለ ነገር ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ሲንከራተት ዋለ፤ እነሱ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ ማሽን ሲጮህበት ኖሮ፣ ጆሮው ደንቁሮ ሞተ።

"ተለማማጅ?" አለች ጃኒን፣ ድንቹን በመረቅ እያጠቀሰች። "ሻይ አፍይ፣ ወለል ጥረጊ ማለት እኮ ነው! አያትሽን ረሳሽው?"

"እማዬ፣ ያ ዘመን አለፈ። ዲግሪው እንደሆነ ያው ዲግሪ ነው።"

"ዲግሪ በቦቲ ጫማ! እኔስ ለሰው ምን ልበል?"

ፍሬያ ሹካዋን አስቀመጠች። "መልሱን ሰኞ ይፈልጋሉ። ቅዳሜ የምንጠግነውን የቦዩን ገንዳ ለሕዝብ ክፍት እናደርጋለን። ነይና እዪው። አይተሽ እምቢ ካልሽ እተወዋለሁ፣ ዩኒቨርሲቲዬን እገባለሁ።"

ይህች ልጅ ቃሏን አጥፍታ አታውቅም። ጃኒን እምቢታዋን ምላሷ ላይ አዘጋጅታ ቅዳሜ ሄደች።

ቦዩ ኮረብታውን የሚወጣው በድንጋይ ገንዳዎች ነው። ጀልባው ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ ውሃው ይሞላል፣ ጀልባውም ወደ ላይኛው ይሻገራል። ጃኒን ዕድሜዋን ሁሉ በአጠገባቸው አልፋለች፤ ለእሷ ዳክዬ የሚዋኝበት ድፍርስ ውሃ ነበሩ። ዛሬ የአንደኛው ውሃ ለጥገና ተመጥጦ ወጥቷል። ሄልሜት አደረጉላትና በብረቱ ደረጃ ወረደች፤ ወረደች፤ ደረጃው አያልቅም። እግሯ መሬት ሲነካ ቀና አለች።

"ኧረ አምላኬ!"

ግድግዳው ቤቷን ይውጣል። አረንጓዴ ሆኖ፣ እየተንጠባጠበ ሰማይ ድረስ ቆሟል። ድንጋዩ ሁሉ በእጅ የተጠረበ ነው፤ በመገጣጠሚያው መርፌ አይገባም። በየድንጋዩ ላይ ትንንሽ ምልክት አለ፤ ቀስት፣ መስቀል፣ ኮከብ። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የጠረቡት ሰዎች እያንዳንዳቸው የእጃቸውን ምልክት ትተው ሄደዋል። ጃኒን ኮከቡን በጣቷ ዳበሰችው። ጠርዙ ዛሬም ይሻክራል። ስማቸውን ማንም አያውቅም፤ ሥራቸው ግን ይኸው ውሃ ተሸክሞ ኖረ!

ፍሬያ አዲሱ የኦክ እንጨት በር ስር ቆማ ለጎብኚዎቹ ታስረዳለች። "ሁለቱ መዝጊያዎች የሚገጥሙት ወደ ውሃው ሾል ብለው ነው። ውሃው በገፋቸው መጠን ይበልጥ ይጣበቃሉ። ሞተር የለም፣ ኤሌክትሪክ የለም። ሊሰብራቸው የሚመጣው ጉልበት ራሱ ይዘጋቸዋል።"

ይህችን ልጅ እኔ ነኝ የወለድኳት? አለች ጃኒን በልቧ።

አንድ ሽማግሌ፣ ሸበቶ ሰውዬ፣ ጣቱን አወጣ። "ጎበዝ! የትኛው ዩኒቨርሲቲ ነሽ፣ የኔ ቆንጆ?"

የፍሬያ ፊት ቀላ። እናቷን አየቻት።

ጃኒን ያዘጋጀችውን እምቢታ ብትፈልገው አጣችው። "ይሄ በር ስንት ዘመን ያገለግላል?" አለች በምትኩ።

"ሃያ አምስት ዓመት ገደማ። ከዚያ በአዲስ ይቀየራል።"

"ያን ጊዜ ማን ነው የሚቀይረው?"

"እሱ እንግዲህ..." አለች ፍሬያ፣ "ሰኞ ይታወቃል።"

ጃኒን እጇን ከኮከቡ ላይ ሳታነሳ ወደ ሽማግሌው ዞረች። አባቷ እንዲሰማት የምትጮኸው ጩኸት ነበራት፤ እሱ ከሞተ ወዲህ አውጥታው አታውቅም።

"ተለማማጅ ናት!" አለች። "የኔ ልጅ ተለማማጅ ናት!"

ድምጿ ከግድግዳ ግድግዳ እየተጋጨ ላይ ቆመው ወረፋ የሚጠብቁት ድረስ ወጣ። ፍሬያ በጓንቷ ዓይኗን ጠረገች፤ ፊቷ ጭቃ በጭቃ ሆነ።