የሠርግ ዘፈን ሲያስለቅሰኝ

ልጅ እያለሁ የሠርግ ዘፈን ሰምቶ የሚያለቅስ ሰው በሰፈራችን በሲቀላ ከእኔ በቀር አልነበረም። የሰፈር ልጆች "አልቃሻዋ ሙሽራ" ይሉኝ ነበር።

ነገሩ የጀመረው መናኸሪያ ነው። ታላቅ እህቴ አስቴር አዋሳ ሥራ አግኝታ ስትሄድ ስምንት ዓመቴ ነበር። ፀጉሬን የምትሠራኝ፣ አቅፋ የምታስተኛኝ እሷ ነበረች። ማለዳ ነው፤ አቧራው፣ የናፍጣው ሽታ፣ በየቅርጫቱ የበሰለው ማንጎ አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ። አስቴር መስኮቱ ጋ ተቀምጣለች፤ እኔ ከእናቴ ጋር ታች ቆሜ አለቅሳለሁ። ሾፌሩ ካሴት ከፈተ፤ ሞቅ ያለ የሠርግ ዘፈን። እህቴ እንባዋን ዋጥ አድርጋ፣ ከወንበሯ ሳትነሳ እስክስታ ትወርድልኝ ጀመር። ሳቅሁ። እየሳቅሁ ሳለ መኪናው ሄደ።

"ለመስቀል እመጣለሁ" ብላ ነበር። ከመስቀል በፊት ወባ ይዟት እዚያው አረፈች።

በዓመቱ የአጎቴ ልጅ ጨንቻ ላይ ሲያገባ ያው ዘፈን ተከፈተ። ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እኔ ድንኳኑ መሃል ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። አክስቴ ደንግጣ ክንዴን ያዝ አደረገችና "በሰው ደስታ ላይ እንባ? ሟርት ነው፣ ዝም በይ!" አለችኝ። እናቴ ከሴቶቹ መሃል ተነስታ መጣች።

"ተያት እቴ" አለቻት። "እናንተ የምትሰሙት ሙሽራ ነው፤ እሷ የምትሰማው እህቷን ነው።"

አክስቴ ክንዴን ለቀቀች። እናቴ በጋቢዋ ሸፍና ወደ ውጭ አወጣችኝ፤ ብርዱና ጭጋጉ ውስጥ ዘፈኑ እስኪያልቅ ተቃቅፈን ቆምን። ከቀብሩ ወዲህ ስታለቅስ ያየኋት ያን ቀን ነው።

ዛሬ ነርስ ነኝ። አብረውኝ ለሚሠሩ አንድ አዛውንት ሐኪም ይህን ባጫውታቸው አልሳቁብኝም። "ጆሮ ድምፁን ያቀብላል እንጂ ሌላ ሥራ የለውም" አሉኝ። "ደስ ይበልሽ፣ ይክፋሽ የሚለው አንጎል ነው። እሱ ደግሞ ያን ዘፈን ምን ላይ ሆነሽ እንደሰማሽው አይረሳም።" እናቴ ሳትማር ያወቀችው ነገር ነው።

የዛሬ ልጆች ታድለዋል። ልጄ የናፈቀችውን ሰው ድምፅ ከስልኳ አውጥታ ትሰማለች። በእኛ ጊዜ የአስቴርን ድምፅ የቀዳ ሰው አልነበረም፤ እንዴት ትናገር እንደነበር እንኳ ጠፍቶብኛል። ያ ዘፈን ሲመጣ ግን ሰውነቴ ሁሉ ያውቃታል። የሚያውቁኝ ሰዎች አዝነውልኝ "ቀይሩላት፣ ቀይሩላት" ይላሉ።

"ተዉት" እላለሁ። ሌላ በምን አገኛታለሁ?