ልዩ ልዩ፦ የቀረበ የለም

ስብሰባ ማዘጋጀት አውቅበት ነበር። በደርግ ጊዜ ጎንደር ከተማ በአንድ የግብርና መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሳለሁ፣ በየስድስት ወሩ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበሮችን ሰብስቦ ሥራ የመገምገሙ ጣጣ የኔ ነበር። አዳራሹን የማስጠርገው፣ ቀዩን ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ የማስነጥፈው፣ አጀንዳውን የምተይበው፣ በጎቹን የማስገዛውና ቃለ ጉባኤውን የምይዘው እኔ ነኝ። አለቃችን «አንቺ ባትኖሪ ምን እንሆን ነበር?» ሲሉኝ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ እውላለሁ።

አጀንዳው ከዓመት ዓመት አይለወጥም። መፈክር፣ የአለቃችን ንግግር፣ የካድሬው ንግግር፣ ሪፖርት፣ ምሳ፣ ውይይት፣ በመጨረሻም «ልዩ ልዩ»። ልዩ ልዩ ማለት ሰው ከቤቱ ይዞት የመጣው ነገር ሁሉ ነው። ታዲያ ማንም እዚያ አይደርስም። ሥጋው ከተበላ፣ ጠላው ከተጠጣ በኋላ ግማሹ ሰው ያንቀላፋል፤ ሌላው ደግሞ ወደ አገሩ የምትመልሰው ማኪና እንዳታመልጠው ሹልክ ይላል። እኔም ከቃለ ጉባኤው ግርጌ «ልዩ ልዩ፦ የቀረበ የለም» ብዬ እጽፍና በማስመሪያ አሰምርበታለሁ። እውነቱን ለመናገር ያችን መስመር እወዳት ነበር።

ከዳባት ማዶ፣ ከደጋው የሚመጡ አንድ ሽማግሌ ሊቀመንበር ነበሩ። አዳራሹ በር ላይ ባገኙኝ ቁጥር ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣

«እቴ፣ ልዩ ልዩው ዛሬ ይደርሳል?» ይሉኛል።

«ይደርሳል፣ አያ» እላቸዋለሁ።

አይደርስም። ሁለት ዓመት፣ አራት ስብሰባ እንዲሁ አለፈ። አንዴ «ምነው አንደኛ ብታደርጊው?» ቢሉኝ ሳቅሁ። «አያ፣ ልዩ ልዩ እኮ መጨረሻ ነው የሚሆን» አልኋቸው። ሊሉት ያሰቡት ነገር ምን እንደሆነ መጠየቅ ግን አልመጣልኝም።

ቀን መምረጥም የኔ ሥራ ነበር፤ እሱም የራሱ ምሥጢር ነበረው። ረቡዕና ዓርብን እዘላለሁ። የሚካኤልን፣ የማርያምንና የጊዮርጊስን ዕለትም እዘላለሁ፤ ገበሬው በበዓል ቀን አይመጣምና። ይህን ሁሉ በእርሳስ ቀጭን አድርጌ አስልቼ፣ ቀኑ ከተቆረጠ በኋላ በላጲስ አጠፋዋለሁ። ካድሬው ቢያይብኝ ምን እለዋለሁ? ቤቴ ቁስቋም ነበር፤ ደወሉ ሲደወል አልጋዬ ላይ ሆኜ እሰማዋለሁ። ደጀ ሰላሙን ከረገጥሁ ግን ቆይቼ ነበር። የመሥሪያ ቤት ሰው ነጠላ አጣፍቶ ሲሳለም ከታየ ሰኞ ጠዋት የሚጠይቀው አያጣም ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ለስድስት ወሩ ግምገማ በጥር መጨረሻ አንድ ሰኞን መረጥሁ። ሰኞ ምን እንከን ይወጣለታል? ቅዳሜ በጎቹ ተገዙ፤ እሑድ ከሰዓት ታረዱ፤ ወጡ እሑድ ማታ ተጣደ።

ሰኞ አራት ሰዓት ላይ ሻይና ዳቦ አዞርን። ከገበሬዎቹ እጁን የዘረጋ አንድም የለም። ትሪውን ይዤ እኒያ ሽማግሌ ዘንድ ደረስሁ።

«ምነው፣ አያ? አይወስዱም?»

ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «እቴ፣ ዛሬ እኮ ነነዌ ገባ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንቆያለን» አሉኝ።

ትሪውን አግዳሚው ላይ አስቀመጥሁት። ጾመ ነነዌ ሦስት ቀን ናት፤ በየዓመቱ ቀኗን ትለዋውጣለች፣ ሰውም የሚሰማው ከቤተ ክርስቲያን ነው። እኔ ደግሞ አልሄድሁም። ወደ ወጥ ቤት ሮጥሁ። ወጥ ሠሪዋ ድስቶቿን ከፍታ ሥጋውን ታማስላለች።

«ምነው ዝም አልሽኝ?»

«ታውቂ መስሎኝ» አለች ዓይኗን ሳትነቅል። «ከላይ የመጣ ትእዛዝ ነው ብዬ ነው እንጂ።»

ሽሮ ለዘጠኝ ሰዓት እንድታደርስ ለመንኋት። ከዚያ በቁራጭ ወረቀት ጉዱን ጽፌ ለአለቃችን አቀበልሁ። አነበቡት፤ ፊታቸው ቀላ። ካድሬው አጠገባቸው ተቀምጦ ስለ ጾም ማውራት አይቻልም። ገበሬውን በስድስት ሰዓት ቢለቁት ደግሞ ገበያ ወጥቶ ይቀራል። ጉሮሯቸውን ጠረጉና ተነሡ።

«ጓዶች፣ የሥራው ክብደት ስላስገደደን ምሳ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ተላልፏል።»

ካድሬው የሥራ ፍቅራችንን አድንቆ አጨበጨበ። ገበሬዎቹ ከሱ የበለጠ አጨበጨቡ።

ሥጋና ጠላ የሌለው ስብሰባ እንዴት እንደሚሮጥ ያን ቀን አየሁ። ያንቀላፋ የለም፤ ሹልክ ያለም የለም። ስምንት ሰዓት ሲሆን ውይይቱ አለቀ። አለቃችን ወረቀቱን አገላበጡና ግራ እንደገባው ሰው «ልዩ ልዩ» አሉ።

ሽማግሌው ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሡ።

«ጓድ ኃላፊ፣ ነገሬ አጭር ናት። የከብት ክትባት በሰኔ ትልኩልናላችሁ። እኛ ደጋው በአዝመራ ሲያዝ ላሙንና ጊደሩን በግንቦት ቆላ እናወርዳለን። ከታቢዎቹ ሲመጡ የሚያገኙት በሬና አህያ ነው። ምነው በሚያዝያ ብትልኩልን?»

አለቃችን ወደ እንስሳት ሐኪሙ ዞሩ። «ለምን በሰኔ ሆነ?»

«በጀቱ ሳይመለስ ብለን ነው» አለ ሐኪሙ።

«በሚያዝያ አይቻልም?»

«ይቻላል።»

«እንግዲያው በሚያዝያ ይሁን።»

ይኸው ነው። እርሳሴን ቀርጬ ሳልጨርስ አለቀ። ሽማግሌው «ሸጋ ነው» ብለው ተቀመጡ።

በዘጠኝ ሰዓት ሽሮውን እኔው ራሴ አቀረብሁላቸው። ስሕተቴ ለበጎ መዋሉ ኩራት ቢጤ ሰጥቶኝ ነበር። «አያ፣ ይኸው ልዩ ልዩው ደረሰልዎ። ከብትዎ ተረፈ» አልኋቸው።

እንጀራውን ባርከው ቆረሱ። «ለጎረቤት ይሆናል፣ እቴ። የኔዎቹ አራቱም ላሞች አምና ቆላ ታመው እዚያው ቀሩ።» ጎረሱና ቀስ ብለው አላመጡ። «የመጀመሪያው ስብሰባ ጊዜ ልናገር ይዣት የመጣሁ ይችኑ ነበር።»

በድምፃቸው ቁጣ አልነበረም። ቢቆጡኝ በወደድሁ።

ማኪናዋ ከሄደች በኋላ ቢሮ ገብቼ ያለፉትን አራት ቃለ ጉባኤዎች አወጣሁ። ንጹሕ ናቸው፤ አንድ ስርዝ የለባቸውም። በአራቱም ግርጌ ያችው መስመር አለች። «አልተደረሰበትም» ብዬ መጻፍ እችል ነበር፤ እውነቱም እሱ ነበር። እኔ ግን «የለም» ብዬ ነው የጻፍሁት።